ከችካሉ ወዲህ

የአባታችን ቦታ ሲሸነሸን መንገድ ዳር ያለው ለታላቅ እህቴ ደረሳት። ለእኔ ከኋላ ያለው፣ መኪና ከማያስገባ ቀጭን መተላለፊያ ጋር። ከድሮም እንዲሁ ነው፤ ሥጋው ለእሷ፣ አጥንቱ ለእኔ። ቀያሹ መሃላችን ላይ የብረት ችካል ተክሎ ሥሩን በሲሚንቶ ሞላው።

«ከችካሉ ወዲህ ያለው በሙሉ ያንተ፣ ወዲያ ያለው በሙሉ የእሷ» አለኝ።

ቀናሁባት። ማታ የእሷን የሎሚ ዛፍ እያየሁ ምራቄን ዋጥኩ። ጠዋት ስነሳ ችካሉ ከነሲሚንቶው ከዛፉ ማዶ ቆሟል። ሣሩ እንኳ አልተነካም።

እህቴ ወጥታ አየችው። «ሎሚህ ደርሷል፤ አትለቅመውም እንዴ?» አለችኝ።

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ቀጥሎ የጓሮ በረንዳዋን ተመኘሁ። ችካሉ በረንዳውን አልፎ አደረ። እህቴን እዚያ ተቀምጣ ሳገኛት ደንግጣ ተነሳች። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ሳላስፈቅድህ ገባሁ» አለችኝ። እሷ የተነሳችበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል።

እኔና ባለቤቴ ልጅ የለንም። እሁድ ከሰዓት የእህቴ ትንሿ ልጅ እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ስትስቅ በመስኮት አየሁ። ዓይኔን ከልጅቷ ላይ መንቀል አቃተኝ።

ሰኞ ጠዋት በጓሮ በር ስገባ ችካሉ የልጅቷን መኝታ ክፍል አልፎ እህቴ ሳሎን መሃል ተተክሏል። ልጅቷ እየሮጠች ወደ እኔ መጣች።

«አባዬ፣ ጫማዬን እሰርልኝ።»

እህቴ ከችካሉ ማዶ ቆማለች። «ልጅህ እንዴት አድጋለች!» አለችኝ። «ታድለህ!»

ዓይኗን ከልጅቷ ላይ መንቀል አቃታት።