በማጠፊያው በኩል

አናጢው የውሻ ማሰሪያ ሰንሰለት እየጎተተ ወደ ሳሎን ይገባል። የግራ አውራ ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ ላይ ደም ጠቆር ብሎ ደርቋል። ጠዋት የነከሰው ሌላ ማንም ሳይሆን ሻምበል ነው፤ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ በጡጦ ያሳደገው፣ አሥራ አራት ዓመት እግር በእግር የተከተለው ውሻው።

«አባዬ፣ ተው እባክህ» ትላለች ልጁ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሳትዞር። «ማታ ማታ ውጭው ይበርዳል።»

«ይብረደው! ምንጣፉ ላይ ሸና፣ አለፍኩት። ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ሲጮህ አደረ፣ አለፍኩት። ጭራሽ ይነክሰኝ? ጡት ነካሽ! ከዛሬ ጀምሮ ቤት የሚባል ነገር አያይም።» ድምፁ ከፍ ይላል። «ሻምበል! ተነስ፣ ውጣ!»

ውሻው ከተኛበት በስንት መከራ ይነሳል። አያንገራግርም። የኋላ እግሮቹን እየጎተተ ወደ በሩ ይሄድና ይቆማል፤ ግን በእጀታው በኩል አይደለም፣ በማጠፊያው በኩል። አፍንጫውን ጥጉ ውስጥ ሰክቶ ጭራውን ቀስ እያለ ያወዛውዛል።

«ወዲህ ነው፣ አንተ ደንቆሮ!» አናጢው በሩን ወደ ውጭ ገፍቶ ወለል ያደርገዋል።

የከሰዓቱ ፀሐይ በውሻው ጎን አልፎ እስከ ሶፋው ድረስ ይገባል። ሻምበል አይነቃነቅም። በተከፈተው በር አጠገብ ቆሞ፣ ማጠፊያው እስኪከፈትለት ይጠብቃል።

በሩን የሠራው አናጢው ራሱ ነው። ያኔ ሻምበል እፍኝ የማይሞላ ቡችላ ነበር፤ የእንጨቱ ፍቅፋቂ ውስጥ ይተኛ ነበር። ካደገ በኋላ እጀታውን በእግሩ ተጭኖ፣ ከፍቶ ይወጣ ጀመር፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ይሄስ ሰው ነው እንጂ ውሻ አይደለም» እስኪል ድረስ።

ልጁ የቧንቧውን ውሃ ትዘጋለች።

«አባዬ... አያቴ እኮ እንዲህ ነበር የምታደርገው።»

አናጢው የበሩን እጀታ ይለቃል። እናቱ በመጨረሻው ዘመኗ ቁም ሳጥኑን ታንኳኳ ነበር፤ «ክፈቱልኝ፣ ቤቴ ልግባበት» እያለች። እሱ ደግሞ «አሁንስ አበዛሽው፣ እማዬ! ሆን ብለሽ ነው» ይላት ነበር። ሐኪሙ የመርሳት ሕመም መሆኑን በነገረው ጊዜ፣ ይቅርታ ቢጠይቃትም ማን እንደጠየቃት ከማታውቅበት ደርሳ ነበር።

«ጠዋት ምን አድርገኸው ነው?» ትላለች ልጁ፣ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች።

«ምንም! ሲበላ ከኋላው መጥቼ ራሱን ዳበስኩት። በየቀኑ የማደርገውን።» የተጠቀለለውን ጣቱን ያያል። «እኔው ነኝ እኮ።»

«እሱ ይህን መች አወቀ፣ አባዬ?»

አናጢው ሰንሰለቱን እንዳይጮህ በሁለት እጁ ሰብስቦ ሶፋው ላይ ያስቀምጠዋል። ጉልበቱ እየተንቋቋ ከውሻው ጎን ይንበረከካል። ሻምበል ይዞራል። ዳመና በለበሱ ዓይኖቹ ያየዋል፣ ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ ያጉረመርማል።

አናጢው ራሱን ሊዳብሰው አይሞክርም። ዓይኑን ወደ ወለሉ ሰብሮ፣ ቀኝ እጁን ጨብጦ በዝግታ ይዘረጋል፤ ሰው ቤት ደጃፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ላገኘው ውሻ እንደሚዘረጋ። ክንዱ ሲዝልም አያወርደውም፤ እስኪያሸተው ይጠብቃል።