ከመርከብ አወራረድ

መብርሃቶም ሻንጣውን ሁለተኛ ፎቅ ካደረሰ በኋላ ቆሞ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ግድግዳው ላይ የሚታይ ነገር የለም፤ ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ ያለው ይህ ኮንዶሚኒየም ከተሠራ ጀምሮ ቀለም ያስነካው ሰው የለም።

«ደከመህ?» አለች ፍረወይኒ ከበላዩ ሆና። ከአራተኛ ፎቅ ሲወርዱ የእሷ ድርሻ ሰዓት መያዝ ብቻ ነው። ጉልበቷ ራሷን ካወረደላት ትልቅ ነገር ነው።

«ምን ይደክመኛል? ስንጥቁን እያየሁ ነው።»

ከነገ ወዲያ ይበርራሉ። ልጃቸው ሉሊ ዱባይ ሆቴል ውስጥ አልጋ ማንጠፍ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ምርጥ ሠራተኛ ተባለችና ለሁለት ሰው የአምስት ቀን የመርከብ ሽርሽር ተሸለመች። ፈቃድ ስትጠይቅ ግን ከለከሏት፤ ምርጥ ሠራተኛ እንዴት ይለቀቃል? ሽልማቱን ለእናትና ለአባቷ አዞረችው። ሲደርሱ በቀጥታ መርከብ ስለሚገቡ እሷን የሚያገኟት በመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ ወደቡ በር ላይ ነው። እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት አስፈቅዳለች። ከዚያ እሷ ወደ ሥራዋ፣ እነሱ ወደ አውሮፕላናቸው።

ከመርከቡ መውረጃው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው ብላለች በስልክ። ሻንጣውን ማታውኑ ቁጥር አንጠልጥሎ በር ላይ ያሳደረ፣ ሠራተኞቹ ያወርዱለታል፤ እሱ ግን ቁጥሩ እስኪጠራ ጠብቆ አራት ሰዓት ላይ ነው የሚወርደው። የራሴን ሻንጣ ራሴ እሸከማለሁ ያለ፣ አንድ ሰዓት ላይ ውልቅ ማለት ይችላል። ያን ጠዋት ሊፍቱ ወረፋ ስለሆነ በደረጃ።

ፍረወይኒ በጣቷ ቆጥራዋለች። አንድ ሰዓት ላይ ከወረዱ ከሉሊ ጋር ለአራት ሰዓት ይቀመጣሉ። አራት ሰዓት ላይ ከወረዱ ለአንድ ሰዓት ብቻ። በዘጠኝ ዓመት አንድ ሰዓት። መብርሃቶም ሲሰማ አላመነታም። «መርከብም ፎቅ ነው፤ ፎቅ ከሆነማ እናውቀዋለን» ብሎ ሻንጣውን አንስቶ ለልምምድ ወጣ።

«ጋሼ መብርሃቶም፣ ላግዝዎት እንዴ?» ሐቢባ ናት፣ የሦስተኛ ፎቋ እህል ነጋዴ ጎረቤታቸው፤ ልብስ ማስጣቷን ትታ በደረጃው መደገፊያ ላይ ወደ ታች ጎንበስ ብላለች።

«ተዪኝ ሐቢባ። መርከቡ ላይ ሐቢባ የለችም።»

«ዲስክዎት ግን አብሮዎት ይሄዳል።»

ፍረወይኒ ሳቋ አመለጣት። አምና ወገቡን ቀዶ የሰፋው ሐኪም ከአምስት ኪሎ በላይ እንዳያነሳ ነግሮታል። ሻንጣው በሐቢባ የእህል ሚዛን ሃያ ሦስት ኪሎ ነው፤ አየር መንገዱ የፈቀደውን አንድ ግራም አላተረፉም።

«በቃ አራት ሰዓት ላይ እንውረድ» አለችው። «አባትሽን ሰብሬ አመጣሁልሽ ልበላት?»

«አንድ ሰዓት ላይ ነው የምንወርደው!» ጎንበስ ብሎ እጀታውን ያዘ። ቀና ሲል ፊቱ ተለወጠ፤ ሻንጣውን መልሶ አስቀመጠና ላዩ ላይ ተቀመጠ።

«ፍረ፣ አልቻልኩም።»

በአርባ ዓመት ትዳር አልፈልግም ሲል ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። አልቻልኩም ሲል ግን የመጀመሪያዋ ነው። ደረጃውን አንድ በአንድ ወርዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ሰዓቱን ኪሷ ከተተችው።

«ተነሥ እስኪ» አለችው፤ ሻንጣውን እዚያው ደረጃው ላይ ከፈተችው። የሁለቱ ልብስ ተጠቅልሎ ጥግ ይዟል። ሌላው በሙሉ የሉሊ ነው፤ ስምንት ኪሎ ሽሮ፣ ስድስት ኪሎ በርበሬ፣ ከሥር ደግሞ በፎጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር።

«ይሄስ ምንድነው?» አለ መብርሃቶም።

«ሙቀጫ።»

«የብረት ሙቀጫ? ዱባይ ሙቀጫ የለም?»

«የእኛ የለም።»

ከልጇ ጋር የምትቆይበትን ሦስት ሰዓት የሚበላባት የባሏ ወገብ ይመስላት ነበር፤ ለካ ሽሮው ነው። «ሐቢባ!» ብላ ተጣራች። «ነይ ሽሮ ውሰጂ! በርበሬም!»

«እኔው የሸጥኩላችሁን?»

«ነይ በይኝ!»

ለአንድ ቀን ወጥ የሚሆን ብቻ በፌስታል ቋጥራ መለሰችው። ሙቀጫውን ትንሽ ታቅፋው ቆየችና ለሐቢባ ሰጠች። ሻንጣው ተዘጋ። አሁን አምስት ኪሎ ይሁን ስድስት፣ ሐኪሙ ስላልነበረ አልተጣራም።

መብርሃቶም በአንድ እጁ አንጠልጥሎት ወረደ። ግድግዳ አላየም። ታች በሩ ጋ ሻንጣውን አስቀምጦ ወደ እሷ ዞረ። «በይ ነይ እንግዲህ፤ እኔ ሉሊ ነኝ።»

«ሰው ይሰማል፣ አታፍርም?» አለች፤ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ነው የወረደችው። መጨረሻው ደረጃ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ምነው?»

«ቁመቷ ጠፋኝ።»

ስትሄድ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በስልክ የምትታያቸው ደግሞ እስከ ደረቷ ነው። መብርሃቶም አሰበና መዳፉን ዘርግቶ በትከሻው ልክ አየር ላይ አቆመው። «እዚህ ጋ ነበረች።»

ፍረወይኒ ከእጁ በታች ያለውን ቦታ ብዙ አየችው።

«ትንሽ ከፍ አድርገው» አለችው። «ተረከዝ ያለው ጫማ ታደርግ ይሆናል።»

እጁን ሁለት ጣት ያህል ከፍ አደረገላት።