ሰፊ ሳሎን ያለው ቤት

የሙሉ እናት በጥቅምት አገር ቤት አረፉ። ስልኩ የተደወለው ግን ለሙሉ አልነበረም፤ አሜሪካ፣ ክሪስታል በምትባል ከተማ ለሚኖረው ወንድሟ ለቦጋለ ነው፣ መርዶውን እንዲያረዳ።

መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ሰው ተሰባስቦ፣ በማለዳ፣ ቤት ድረስ ተሂዶ ነው። ቦጋለ የሙሉ ወንድም በአባት በኩል ነውና ሟቿ የእሱ እናት አይደሉም። ቢሆንም አሜሪካ ውስጥ ከእሱ የቀረበ ዘመድ ስለሌላት ሸክሙ እሱ ላይ ወደቀ። ኩሽና ውስጥ ቆሞ የሰማውን ማመን አቅቶት ደዋዩን ሁለቴ አስደገመው፤ ሚስቱ ቅድስትም እንድትሰማ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው።

ሙሉ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ትዳሯ ፈርሶ ከመጣች ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት የኖረችው በታናሽ ወንድሟ በቦጋለ ቤት፣ ከሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ ነው። ሁለቱን ልጆቹን አሳድጋለች። ክፍሏ ጠባብ ቢሆንም ይሞቃል፤ የማሞቂያው ቱቦ ሙቀቱን ከላይ ከኩሽናው የሚያወርድላት ከነልጆቹ ጭቅጭቅ ነው። ቁርስ ላይ ማን ማንን እንደመታ ደረጃውን ሳትወጣ ታውቅ ነበር።

አባታቸው የሞቱ ጊዜ ለቅሶው የተቀመጠው ላይኛው ሳሎን ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ቦጋለን እያጽናና ወጣ። ሙሉ ሦስቱንም ቀን ወጥ ስታሞቅና ሰሃን ስታጥብ ከረመች። አንዲት ሴት እንዲያውም ቅድስትን ወደ ጥግ ጠርታ፣ ይቺን የመሰለች ሠራተኛ ከየት አገኛችሁ ብላ ጠይቃታለች።

ቦጋለ መርዶውን ለሚቀጥለው ቅዳሜ አሰበ። በዚያው ሳምንት ግን ሙሉ ድንገት መኪና መንዳት ልማር አለች። ሴንት ሉዊስ ፓርክ ከተማ ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ ዓመት ከዓመት በአውቶቡስ ስትመላለስ አንድ ቀን አማርራ የማታውቅ ሴት ናት። ኤጀታ የሚባል አስተማሪ አግኝታ ጀመረች።

«ፈተናዋን ትለፍ» አለች ቅድስት። «አሁን ብንነግራት ትወድቃለች።»

ሳይነግሯትም ሁለቴ ወደቀች። በሦስተኛው አለፈች። መንጃ ፈቃዱን ያገኘች ዕለት ብቻዋን ሐይቅ ዳር ድረስ ነድታ ተመለሰች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ የበረዶው ነጸብራቅ ነው አለች። ቅድስት የፀሐይ መነጽር ገዛችላት።

ከዚያ ደግሞ ክረምቱ ጠናና ሌላ ምክንያት ተገኘ። በዚህ በረዶ እያለቀሰች ድራይቭ ታድርግ ወይ ተባለ።

ሙሉ እሑድ እሑድ ለእናቷ መደወል ልማዷ ነበር። ከሞቱ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ እሑድ ቦጋለ የእማማ ስልክ ተበላሽቷል ብሎ ዋሻት። እሺ አለችው፤ ደግማም አልጠየቀችም። እንዲህ መታመኑ አንጀቱን በላው። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ።

በየካቲት የራሴን ቤት ልከራይ አለች። መስፈርቷ ብዙ ነበር፦ ደረጃ እንዳይኖረው፣ ሳሎኑ ሰፊ እንዲሆን፣ ፓርኪንጉም ብዙ መኪና እንዲይዝ። አንድ አሮጌ ቶዮታ ላላት ሴት ይሄ ሁሉ ፓርኪንግ ምን ያደርጋል ብሎ ቦጋለ ሊቀልድባት ሲል ቅድስት እጁን ያዘችው።

«እናቷን ልታመጣ ነው» አለችው፣ ሁለቱ ብቻ ኩሽና ሲቀሩ። «ደረጃ የሌለው የምትለው እኮ ለእማማ ጉልበት ነው።»

ቦጋለ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ሙሉ ከሁለት ዓመት በፊት ለእናቷ ቪዛ አስጠይቃ ተከልክላለች። አሁን ለሞተ ሰው ቤት እየፈለገች ነበር፣ እሱ ደግሞ አብሯት እየዞረ ያፈላልጋል።

ቤቱ ሜፕልዉድ ከተማ ተገኘ። በሕይወቷ በስሟ የተጻፈ በር ኖሯት አያውቅም፤ ከአባቷ ቤት ወደ ባሏ፣ ከባሏ ወደ ወንድሟ ነው የሄደችው። ቁልፉን የተቀበለች ዕለት እስከ ክሪስታል ድረስ በመዳፏ ጨብጣ መጣች።

ልትወጣ ሁለት ቀን ሲቀራት የዕድሩ ሽማግሌ አቶ ሰረቀብርሃን መጡና ከባልና ሚስቱ ጋር ኩሽና ተቀመጡ። ሙሉ ከሥር፣ ቤዝመንቷ ውስጥ፣ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ታጥፋለች። ከዚህ በላይ ማዘግየት ግፍ ነው አሉ ሽማግሌው። ቤት በገባች በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይሁን ተባለ።

ዕቃዋን ያጓጓዘላት ቦጋለ ነው። አልጋ፣ አንድ ትልቅ ድስትና ሃያ ተጣጣፊ ወንበር።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ወንበር ምን ይሠራልሻል?»

«ሰው ሲመጣ ቆሞ ይቅር?» አለችው።

ለእናቷ አቀባበል መሆኑ ነው ብሎ አሰበ። ሃያውንም ሲያስገባ ፊቷን ማየት አልቻለም።

የመርዶው ቅዳሜ ሊደርስ ሐሙስ ዕለት ቅድስት አንድ ወሬ ሰማች፤ ሙሉ ከቅዳሜ ጀምሮ ከሥራዋ የሦስት ቀን ፈቃድ ወስዳለች። ቤቷን ልታሰናዳ ይሆናል ተባባሉ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ደስ ብሏት ሳትጠግብ እኛ ልናፈርስባት ነው ብላ ቅድስት ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ዋለች።

ቅዳሜ ማለዳ ስምንት መኪና ሜፕልዉድ ደረሰ። ለሁሉም ቦታ ነበረ። የሚናገሩት አቶ ሰረቀብርሃን እንዲሆኑ፣ ቅድስትና ሌላ ሴት ከግራና ከቀኝ እንዲይዟት፣ ቦጋለ ውሃ እንዲያዘጋጅ ተስማምተዋል። በሩ ጋ ሲደርሱ ቦጋለ ሊያንኳኳ እጁን አነሳ።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ሙሉ ጥቁር ለብሳለች። ከኋላዋ ሃያው ወንበር ግድግዳውን ተከትሎ ተደርድሯል፤ መካከል ላይ የእናቷ ፎቶ ቆሟል።

«አሁን ንገሩኝ» አለች። «የማለቅስበት ቤት አለኝ።»