ቀኝ ጉንጭ

ነጅማ የዕፀገነትን ግራ ጉንጭ አንዴ ሳም አድርጋ ልታፈገፍግ ስትል፣ ዕፀገነት ክንዷን ያዘቻት። ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ባለችው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው የሰው አቤቱታ ሲተይቡ፣ ጠዋት ጠዋት ሦስቴ ሳይሳሳሙ ወንበር ስበው አያውቁም። ዛሬ፣ ከሁለት ወር የሕመም ፈቃድ በኋላ፣ አንዴ ብቻ?

«ሁለቱ ቀሩ እኮ» አለቻት።

«እንዳያምሽ ብዬ ነው።»

«ውሸትሽን ነው! ያኔ ጉንጬ ሲያብጥም ጆሮ ደግፍ ነው፣ ይጋባል ብላችሁ ኩባያዬን ለያችሁብኝ። የምራቅ ዕጢዬ ላይ የበቀለ ነገር ነው፤ ቆርጠው አወጡት፣ አለቀ። አሁን ምኑ እንደሚጋባብሽ ንገሪኝ!»

አቤቱታ ሊያስጽፉ ወረፋ የያዙት ሰዎች ዞረው አዩአቸው። ዕፀገነት እህቷ ያከናነበቻትን ነጠላ ታክሲ ውስጥ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ፀጉሯንም ሆን ብላ ሽቅብ አስራ ነበር የመጣችው። ከጆሮዋ ፊት ተነሥቶ ወደ አንገቷ የወረደውን ጠባሳ ማንም ያየዋል። ቀኝ ጉንጯን አዙራ ሰጠቻትና ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

ነጅማ እንባዋ ቀደማት። ጎንበስ ብላ እዚያው ጠባሳው ላይ ሳመቻት፤ አልቸኮለችም። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ግን ያ ጉንጭ ደንዝዞ ቀርቷል፤ የጓደኛዋ ከንፈር ይረፍበት፣ እንባዋ ይፍሰስበት፣ ዕፀገነት አላወቀችም።

«ምንም አልተሰማኝም» አለች፣ ጉንጯን ሳትመልስ። «ድገሚው።»