የሌላንድ ጋራዥ ቁልፍ

እኛ የሞንታና ወንዶች እንዲህ ነን። የሚስቶቻችን መኪና ውጭ በረዶ ሲወርድበት ያድራል፤ ጋራዣችን ውስጥ ባዶ ቀለህ ይሞቃል። ሌላንድ ሃስኬትም ከእኛ አይለይም።

የተኮሰውን ቀለህ ለቅሞ ባሩድና አረር መልሶ ይሞላዋል። የቀለሁ ናስ በተተኮሰ ቁጥር ስለሚደርቅ፣ አንገቱን በእጅ በምትያዝ የጋዝ እሳት ትንሽ ማለስለስ ያስፈልጋል። ከበዛበት ግን ይልፈሰፈስና አረሩ ወዳሻው ይሄዳል። አዋቂዎቹ መብራት አጥፍተው፣ የመጀመሪያዋን ቅላት ሲያዩ ከእሳቱ ያወጡታል። ሌላንድ በጨለማ አንዴ ጢሙን ስላቃጠለ፣ አምፖሉን ሁሉ አብርቶ ነው የሚሠራው።

"እኔ እኮ ዳቦ እንኳ ሳላሳርር ጠብሼ አላውቅም" ይላል በራሱ እየሳቀ። ያም ሆኖ የተኩስ ክበባችንን የመስከረም ውድድር ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፏል። እኛም ሦስት ዓመት በቅናት ተቃጠልን።

ዘንድሮ ሚስቱን ኖርማን መረራት። በየክረምቱ በረዶ መዛቅ ወገቧን ጨርሶታል። ተስማሙ፤ ካሸነፈ ጋራዡ የእሱ፣ ከተሸነፈ የመኪናዋ ነው።

በማግስቱ ጋራዡ ውስጥ የጋዝ እሳቷን ይዛ አገኛት። ክሬም ላይ ስኳር ልጠብስባት ነው አለችው። ጣቷ ላይ ፕላስተር ነበር። ሌላንድ እራቱን በልቶ ክሬሙን ጠበቀ፤ አልመጣም። ለነገሩ አምናም እንዲሁ ቀርቷል።

ያኔ ገባው። ቀለሁን ልታበላሽበት ነው። አዲስ ቁልፍ ገዝቶ በሩን ቆለፈና ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ገላውን ሲታጠብ እንኳ አላወለቀውም። ኖርማ ሁለት ጊዜ እንዲከፍትላት ለመነችው።

"ብታስገባኝ ለራስህ ነው የሚሻልህ" አለችው።

"ሞኝሽን ፈልጊ።"

በውድድሩ ዕለት ሌላንድ ከሃያ ሁለት ሰው ሃያ ሁለተኛ ወጣ። ግማሹ ጥይት ዒላማውንም አልነካ። እኛ ሳቅን፤ እሱም ከእኛ ጋር ሳቀ፤ ቤቱ ሲገባ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ኖርማ አልሳቀችም። ሾርባ አሙቃ አቀረበችለት።

በማግስቱ ጋራዡን ለመኪናዋ ሊያስለቅቅ ተነሣ። ዕቃ መክተቻ ካርቶን ፍለጋ የኖርማን ጓዳ ሲከፍት፣ ከስኳሩ ጀርባ ሦስት የማርማላታ ብልቃጦች አየ። አፋቸው ድረስ ቀለህ ሞልቷቸዋል፤ የሁሉም አንገት ከልክ በላይ የተቃጠለ ነው። በየብልቃጡ ላይ በኖርማ የእጅ ጽሑፍ "ሌላንድ ያሳረረው" የሚልና እሱ ያሸነፈባቸው ሦስት ዓመታት ተጽፈዋል።

አራተኛው ብልቃጥ ታጥቦ ባዶውን ተቀምጧል፤ የዘንድሮው ዓመት ተጽፎበታል።