የስግደት ሰዓት

«እማዬ፣ ድንገት ከወደቅሽ ይኼ ሰዓት ራሱ ይደውልልኛል» ብሎ ናሁሰናይ እጃቸው ላይ ሲያስርላቸው፣ እናቱ እትዬ የሺመቤት አላመኑም። «መውደቄን በየት በኩል አይቶ ነው?» አሉ።

የስቅለት ዕለት ናሁሰናይ «ሥራ አለብኝ እንጂ እስከ ማታ እህል በአፌ አይዞርም» ብሏቸው ወጣ። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ስግደታቸውን ተያያዙት። ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ፍግም ብለው ይነሳሉ፣ ደግሞ ፍግም ይላሉ። ሰባ ሁለተኛው ላይ ሰዓቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «እሱም እንደ አቅሙ ይስገድ» ብለው ነጠላቸውን ጣል አደረጉበትና ቀጠሉ።

መቶ ሊሞሉ ጥቂት ሲቀራቸው ናሁሰናይ ጫማውን አንጠልጥሎ፣ ምእመኑን እየገፋ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ ደረሰ።

«እማዬ! ወድቃለች ብሎ ደወለልኝ እኮ! ከተቀመጥኩበት እንዴት እንደተነሳሁ እኔ ነኝ የማውቀው!» አለና ተጠምጥሞባቸው አለቀሰ።

የእትዬ የሺመቤት ሆድ ባባ። ለካ ይኼ ዕቃ ቁም ነገረኛ ኖሯል! ልጃቸውስ ቢሆን፣ እንዲህ ሲሳሳላቸው አይተውት ያውቃሉ? ጉንጩን ሊስሙት ጠጋ አሉ።

ሁዳዴ ከገባ ወዲህ አሽትተውት የማያውቁት የክትፎ ቅቤ ሽታ አፍንጫቸውን መታው።

ሰዓቱን ቀስ ብለው ፈቱና እሱ እጅ ላይ አሰሩት።

«በል፣ ጫማህን እዚያ አስቀምጥና ጀምር» አሉት። «ሦስት መቶ ነው። እሱ ይቆጥርልሃል።»