አረንጓዴዋ ነጥብ

የአንቴናው ብሎን አልላቀቅ ብሎታል። ሰዓት ሠሪው ሁለት እጁን መፍቻው ላይ ጭኖ ይገፋል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ደግሞ ይገፋል። ዕድሜ ልኩን በወረንጦ የሚነሳ ነገር ሲነካካ የኖረ እጅ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በዚያ ላይ ይህን ብሎን ያጠበቀው ምሰሶ ነው፤ ምሰሶ አንዴ ያጠበቀውን ነገር ራሱ ካልፈታው ማንም አይፈታውም ነበር።

ምሰሶ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነበር። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው፤ መለሎ ስለሆነና አንቴና ሲተከል ብረቱን ቀጥ አድርጎ ይዞ የሚቆመው ሁልጊዜ እሱ ስለነበር። ሰዓት ሠሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ፋርማሲስቷና እሱ ሆነው፣ ጣሪያ ለጣሪያ እየተንጠላጠሉ፣ የሰፈሩን ቤቶች ያለ ገመድ እርስ በርስ አገናኝተዋል። ደመወዝ የለ፣ አለቃ የለ፤ ትርፉ የተላጠ ጉልበትና የቤት ሰው ቁጣ ነው። ግን ኢንተርኔት ለማስገባት አቅም ያነሰው ሁሉ ሩቅ ካለ ልጁ ጋር የሚተያየው በእነሱ መስመር ነው። የታችኛው ሰፈር መስመር ደግሞ የሚያልፈው በዚህ ጣሪያ ላይ ነው።

ምሰሶን ትናንት ቀብረውታል። ዛሬ አከራዩ ቤቱ ተለቆ፣ ጣሪያውም ጸድቶ እንዲሰጠው ይፈልጋል። ሰዓት ሠሪው ብቻውን ነው የመጣው። አንቴናውን ሊነቅለው መሆኑን ለሌሎቹ ሊነግራቸው ስልኩን አንስቶ ነበር፤ አፉ እሺ አላለውም።

የምሰሶ ታላቅ እህት ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ደረጃውን ወጥተው፣ ባዶው የልብስ ማስጫ ሽቦ ሥር ቆመዋል። ታች ክፍሉ ውስጥ ብቻቸውን መቀመጥ አልቻሉም።

"ቢቀርስ ወንድሜ? አከራዩ ራሱ ያስነሳው።"

"ግድ የለም እትዬ። ይለቃል።"

"ስላንተ ብዙ ይነግረኝ ነበር። አንተ ሰው፣ ብቻህን ሆነህ አንድ ነገር ብትሆንስ ስለው፣ 'አታስቢ፣ ሰዓት ሠሪው በየቀኑ ያየኛል' ይለኝ ነበር።"

መፍቻው ይቆማል።

"ሐኪሙ እንደወደቀ አልሞተም ነው የሚለኝ" ይላሉ እህትየው፣ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ። "የወደቀው አርብ ነው። እኔ እሁድ ደውዬ አላነሳ ሲለኝ ነው ልቤ የፈራው። ሰኞ ደርሼ በሩን ሳስሰብር..." ቃሉን ይውጡታል። "ልወቅስህ አይደለም። ብቻ ልወቅ። ድምፁ ሲጠፋ ምን አላችሁ? ሄዷል አላችሁ? ተኝቷል አላችሁ?"

ከከተማ ወጥቼ ነበር ማለት ይችላል። ስልኬ ተበላሽቶ ነበር ማለትም ይችላል። ሐዘንተኛን ለማጽናናት ሰው ስንት ይዋሻል፤ ማን ይፈርድበታል? እኚህ ሴት ግን የወንድማቸውን ዓይን ይዘው ነው የሚያዩት፤ ያ ሰው ደግሞ የተሳሳተ መልስ አይወድም ነበር።

ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ እነሱው የሠሩትን የሰፈሩን ካርታ ይከፍትላቸዋል።

"ይቺ ነጥብ የዚህ ቤት ናት። የሁላችንም ቤት እንዲህ ነጥብ አለው። መስመሩ ደህና ከሆነ አረንጓዴ ነው፣ ከተቋረጠ ይቀላል። ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት በፊት ይቺን ነው የማየው። አረንጓዴ ከሆነች፣ ምሰሶ ደህና አድሯል እላለሁ። እሱም የእኔን እንደዚሁ ነው የሚያየው። ዝም ብለን አንደዋወልም እትዬ። የምንደዋወለው ነጥቡ ሲቀላ ነው። ያን ጊዜ ዝናብም ቢሆን ሮጠን እንመጣለን።"

"ቅዳሜስ?"

"አረንጓዴ ነበረች።"

"እሁድ?"

"እሁድም። ደህና ነው ብዬ ነው ሱቄን የከፈትኩት።" አንቴናው ሥር ወዳለው ሳጥን ይጠቁማል። "ባትሪ ገጥሞላታል። መብራት ሲሄድ እንዳትጠፋ ብሎ ስንት ቀን ለፍቶባታል። እሱ ወድቆም እሷ አልጠፋችም።"

እህትየው ስልኩን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው ያስጠጉታል። ከቀብር ወዲህ እንባቸውን ይዘው የቆዩ ሴት ናቸው፤ አሁንም አያለቅሱም። ነጥቧን በጣታቸው ጫፍ ነካ ያደርጓታል።

"አሁንም አረንጓዴ ናት" ይላሉ።

"አዎ።"

"እጁ ጎበዝ ነበር።" ስልኩን ይመልሱለታል። "በል ጨርስ።"

ሰዓት ሠሪው ይህን ነገር ለማንም ተናግሮት አያውቅም፤ ለልብስ ሰፊውም፣ ለሚስቱም። ሲናገረው ይቀለኛል ብሎ ነበር። አልቀለለውም፤ እንዲያውም አሁን ነው ክብደቱን ያወቀው። ስድብ ቢያወርዱበት ይሻለው ነበር።

ገመዱን ከባትሪው ይነቅላል። የሳጥኑ ትንሽ መብራት ትጠፋለች። ብሎኑም፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ አሁን በአንድ ግፊት እሺ ይላል። አንቴናውን እንደ ሕፃን አቅፎ አውርዶ ግድግዳው ላይ ያስደግፈዋል። ሁለቱም ታች መንገዱን ያያሉ። አላፊ አግዳሚው በየመንገዱ ነው።

ስልኩ ይጮኻል። ልብስ ሰፊው ነው። ሰዓት ሠሪው አያነሳም። ጩኸቱ ከማቆሙ ፋርማሲስቷ ትደውላለች። ከዚያ አንድ የታችኛው ሰፈር ሰው። ከዚያ ሌላ። ከዚያ እንደገና ልብስ ሰፊው። መልእክቱም በላይ በላዩ ይገባል፦ የምሰሶ ቤት ነጥብ ቀልታለች፤ እህቱ ደህና ናቸው? ሊያይ የሄደ ሰው አለ? አለን በሉን እንጂ።

ስልኩ መዳፉ ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ ቀና ብሎ እህትየውን ማየት ያቅተዋል። እሳቸው ግን ጠጋ ብለው የስልኩን መስታወት ያያሉ፣ የሚመጣውን ስም አንድ በአንድ እየተከተሉ።

"አንሳው እንጂ ወንድሜ" ይሉታል፣ ቀስ ብለው። "ሰዎቹ ተጨንቀዋል።"